በሰው ስም የሄደች ልጅ

ወሎ ውስጥ ከአንድ ገበሬ ቤት ገብቶ ስለ ለንደን ወይም ስለ ፓሪስ የሚጠይቅ ሰው ብዙ መልስ አያገኝም። ስለ ጂዛን የጠየቀ ግን ከእረኛው አንሥቶ እስከ አያቲቱ ድረስ የሚነግረው ሞልቷል፤ በየት በኩል እንደሚገባ፣ ደላላው ስንት እንደሚጠይቅ፣ ከየትኛው ተራራ ላይ ውሃ እንደሚጠፋ ሳይቀር ይነገረዋል። በባሕር ማዶ የምንገኝ ተማሪዎች ስለ አገራችን ሴቶች ስደት በየስብሰባችን ብዙ ተናግረናል፤ ብዙ አኀዝም ጠቅሰናል። እኔ በዚህ አነስተኛ ጽሑፍ ላነሣው የምፈልገው ግን አኀዙን ሳይሆን ስሙን ነው። ይኸውም አንዲት ልጅ ከእናቷ ቤት ይዛው የምትወጣው ስምና ጂዛን ስትደርስ የምትጠራበት ስም ለምን አንድ እንደማይሆን፣ ስሙንስ የሚለውጠው ማን እንደሆነ ነው። ነገሩ ሁለት ዘመን ይነካል፤ አንደኛው 1888 ነው፤ ሁለተኛው የእኛው ነው። ዓመቶቹን ሁሉ የጻፍሁት በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ይገንዘብልኝ።

ጂዛን በሳውዲ ዓረቢያ ደቡብ ምዕራብ ጫፍ፣ በቀይ ባሕር ዳር ያለች ከተማ ናት። በዙሪያዋ ሰብያ፣ አቡ ዓሪሽና ሳምጣ ይገኛሉ፤ ከየመን ድንበር ላይ ጡዋል አለች፤ ወደ ምሥራቅ ከፍ ሲባል የፈይፋና የበኒ ማሊክ ተራሮች ይነሣሉ፤ በዚያ ያለችው ከተማ ዳይር ትባላለች። ቆላው ወበቅ የበዛበት ነው፤ ማሽላ ይዘራበታል። የጥንቱ የገጠር ቤት ክብና በሣር የተከደነ ጎጆ ነው፤ ፎቶግራፉን ለአንድ የከሚሴ ሰው ብታሳዩት የማን ቤት እንደሆነ ይጠይቃችኋል እንጂ የባዕድ አገር ነው ብሎ አይጠረጥርም። ደጋው በእርከን የተሠራ ነው፤ ቡናም ይበቅልበታል። ሴቶቹ ፉል የሚባለውን ነጭ አበባ ጎንጉነው በራሳቸው ላይ ያደርጋሉ። የመን ይህ አገር የሳውዲ መሆኑን የተቀበለችው በ1934 በጣኢፍ በተፈረመው ውል ነው።

አገሩ ከእኛ ጋር ያለው ግንኙነት የትናንት አይደለም። በ11ኛው መቶ ዓመት ናጃሕ የተባለ ሐበሻ፣ በባርነት የተሻገረ ሰው፣ ከጂዛን በስተ ደቡብ በምትገኘው በዘቢድ ሥልጣን ይዞ ዘሮቹ ከመቶ ዓመት በላይ ገዝተዋል። ያ ወንድ ስለሆነና ስለ ነገሠ ስሙ ተጽፎ ቀረ። ከእሱ በፊትም ሆነ ከእሱ በኋላ በዚያው ባሕር የተሻገሩት አያሌ ሴቶች ግን ስማቸው ከጀልባው አልወረደም። የተገዛች ልጅ አዲስ ቤት ስትገባ ስሟ ይለወጥ ነበር፤ ማብሩካ ትባላለች፣ ዛፈራን ትባላለች። ስሙ ያማረ ነው፤ ባለቤቱ ግን ጌታዋ ነው። በኢትዮጵያ ባርነት በአዋጅ የቀረው በ1942፣ በሳውዲ ዓረቢያ ደግሞ በ1962 ስለሆነ፣ እንዲህ ያለ ስም የነበራቸው ሴቶች የልጅ ልጆች ዛሬ በሕይወት አሉ ማለት ነው።

አሁን ወደ ራሴ ዘመድ ልምጣ። የአክስቴ ልጅ ከቤት የወጣችው በ2018 ነው፤ ዐሥራ ሰባት ዓመቷ ነበር። ቀበሌያችን ከባቲ ብዙ አይርቅም፤ ባቲ ገበያዋ ሰኞ ነው፤ ልጅቱም የወጣችው ሰኞ ቀን ገበያ እሄዳለሁ ብላ ነው። አባቷ አላወቀም። እናቷ ግን ታውቅ ነበር፤ ያላትን የወርቅ ጉትቻ ሸጣ በልጅቱ መቀነት ቋጥራላታለች። ከባቲ በአፋር በረሃ ወደ ጅቡቲ፣ ከዚያም ወደ ኦቦክ ሄደች። ባሕሩ በጠባቡ በኩል 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በሌሊት በጀልባ ተሻግራ ራስ አል-ዓራ ከሚባለው የየመን ጠረፍ ደረሰች። የመጀመሪያውን ስልክ የደወለችው ከዚያ ነው፤ የተናገረችውም የሚከፈለውን ገንዘብ ብቻ ነው። ዘመድ ተሰብስቦ አዋጣ፤ እኔም ካለሁበት አገር የድርሻዬን ላክሁ። ከዚያ ከሰዓዳ ሁለት ጊዜ ደወለች። ከሚያዝያ 2020 በኋላ ድምፅዋ ጠፋ።

ያ ወር ምን እንደነበረ ዛሬ ይታወቃል። በ2015 የየመን ጦርነት ከተነሣ ወዲህ ሜዳው የሐረድና የጡዋል መንገድ ስለ ተዘጋ፣ መንገደኛው ሁሉ በሰዓዳ ተራሮች በኩል ወደ ዳይርና ፈይፋ ዞሯል። በሚያዝያ 2020 የሑቲ ኃይሎች ‹‹በሽታ ታመጣላችሁ›› እያሉ በድንበሩ አጠገብ አል-ጋር በሚባል ሰፈር የነበሩትን በሺህ የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን በጥይት እያባረሩ ወደ ሳውዲ ድንበር ነዷቸው፤ የድንበሩም ጠባቂዎች ተኮሱባቸው። የተረፉት ዳይር ላይ ተይዘው ወደ ጂዛንና ወደ ሌሎች ማቆያዎች ተወሰዱ። ሂውማን ራይትስ ዎችና አምነስቲ ኢንተርናሽናል ይህን በዚያው ዓመት በዝርዝር አውጥተውታል።

በፈረንጅ ቋንቋ የምጽፈው እኔ ስለሆንሁ ፍለጋው በእኔ ላይ ወደቀ። ለልዩ ልዩ መሥሪያ ቤቶች ጻፍሁ። ስሟን፣ የአባቷን ስም፣ የአያቷን ስም፣ የተወለደችበትን ወረዳ አሟልቼ ላክሁ። የመጣልኝ መልስ ሁሉ አንድ ነበር፤ በዚህ ስም የተመዘገበ ሰው የለም የሚል። አክስቴ መልሱን ስነግራት ሐሰት ነው አለች። መልሱ ግን እውነት ነበር። በዚያ ስም የተመዘገበ ሰው አልነበረም።

መልስ እየጠበቅሁ በነበረበት ጊዜ በዩኒቨርሲቲያችን ቤተ መጻሕፍት ስለ ቀይ ባሕር የባሪያ ንግድ የተጻፉ መጻሕፍት ማገላበጥ ጀመርሁ። በዚህ ነው ቢሾ ጃርሳን ያገኘኋት።

በመስከረም 1888 ኦስፕሬይ የምትባል የእንግሊዝ የጦር መርከብ ከራሄይታና ከታጁራ አካባቢ ተነሥተው ወደ ጅዳ የሚሄዱ ሦስት ጀልባዎችን ያዘች። በውስጣቸው 204 ባሮች ነበሩ፤ አብዛኞቹ የኦሮሞ ልጆች ናቸው። ወደ ኤደን ተወሰዱ፤ ከፊሎቹም በሼክ ዑስማን ለሚገኝ የስኮትላንድ ሚሲዮን ተሰጡ። የኤደን አየርና በሽታ ብዙዎቹን ስለ ጎዳቸው በ1890 64 ልጆች፣ ይኸውም 42 ወንዶችና 22 ሴቶች፣ በደቡብ አፍሪካ ላቭዴል ወደሚባለው ትምህርት ቤት ተላኩ። እዚያ እንደ ደረሱ ሚሲዮናውያኑ አንድ ትልቅ ነገር አደረጉ፤ እያንዳንዱን ልጅ ስምህ ማን ነው፣ አባትህ ማን ነው፣ አገርህ የት ነው፣ ማን ወሰደህ፣ ማን ለማን ሸጠህ ብለው ጠይቀው ጻፉ። ሳንድራ ሮዎልት ሼል የተባሉት የደቡብ አፍሪካ የታሪክ ሰው በ2018 ያሳተሙት መጽሐፍ የተሠራው ከዚህ መዝገብ ነው። ከልጆቹ ብዙዎቹ በጉልበት የተነጠቁ ናቸው፤ ጥቂቶቹ ግን በእህል የተለወጡ ናቸው።

ቢሾ በእህል ከተለወጡት አንዷ ናት። በ1887 ገደማ ድርቅና በሽታ አገሩን በመታ ጊዜ ወላጆቿ አለቁ፤ እሷም ከአባቷ ባሮች ለአንዱ በአደራ ተሰጠች። ረኀቡ ሲጠና ለነጋዴዎች ተሸጠች፤ ዋጋዋም ጥቂት በቆሎ ነበር። ስድስት ሳምንት ያህል ተጉዛ ከባሕሩ ደረሰች። የእንግሊዞቹ ተኩስ የጀልባውን ሸራ ሲበሳሳው ልጆቹ ከታች ተኮራምተው ነበር፤ እንግሊዝ ከያዛችሁ ይበላችኋል ተብለው ስለነበር የሚጠብቁት መታረድን ነው።

ቢሾ በደቡብ አፍሪካ ሠርታ ኖረች፤ አንድ ቄስ አግብታ ልጅ ወለደች፤ ልጇንም ዲምቢቲ ብላ በአገሯ ቋንቋ ጠራቻት። ካረጀች በኋላ ማንም በማያውቀው ቋንቋ ለብቻዋ ታጉተመትም ነበር። የልጅ ልጆቿ ምን እያለች ነው ብለው ሲጠይቁ፣ ዲምቢቲ ከእግዚአብሔር ጋር ነው የምትነጋገረው እያለች ትመልስላቸው ነበር። ከነዚያ የልጅ ልጆች አንዱ ኔቪል አሌክሳንደር ነው፤ የዘር መድልዎን ታግሎ ከ1964 እስከ 1974 በሮበን ደሴት የታሰረው፣ በ2012 ያረፈው የቋንቋ ሊቅ። አያቱ ከኢትዮጵያ በባርነት የመጣች መሆኗን ያወቀው በጉርምስናው ማብቂያ ላይ ነው። ቤተ ሰቡ ምሥጢሩን ለረጅም ጊዜ ይዞታል። ምሥጢሩ በተገለጠ ጊዜ ግን የሚታይ ነገር ነበር፤ ላቭዴል ላይ የተጻፈ ስም፣ የአባት ስም፣ የአገር ስም። ከቢሾ ጓደኞች 17ቱ በ1909 ወደ ኢትዮጵያ ተመልሰዋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ግልጽ መሆን አለበት። የቢሾ ታሪክና የአክስቴ ልጅ ታሪክ አንድ ነው የምል አይደለሁም። ቢሾን ማንም አልጠየቃትም፤ የአክስቴ ልጅ በእግሯ ነው የወጣችው፤ ተስፋ ያደረገችውም ደመወዝ ነው። ሕጉም ተለውጧል። ያልተለወጠው ጠረፉ ነው፤ ራሄይታ፣ ታጁራና ኦቦክ ሁሉም የአንድ ባሕር ዳር ጎረቤታሞች ናቸው። ያልተለወጠው ድርቁ ነው። ከሁሉ ይልቅ ያላስተኛኝ ሦስተኛው ነገር ነበር፤ ቢሾን የሸጣት የማታውቀው ሰው አልነበረም፤ በአደራ የተቀበላት ሰው ነው። ስለዚህ የአክስቴን ልጅ ማን ለደላላው እንደ ሰጣት መጠየቅ ጀመርሁ። ቤተ ሰቡ ዝም አለ።

ልጅቱ በ2021 ከጂዛን በአውሮፕላን ከተመለሱት ጋር መጣች። በሕይወት መኖሯን ያወቅነው ከቦሌ ስትደውል ነው። ከስታ ነበር፤ ብዙ አትናገርም ነበር። በጥር 2023 ለጥምቀት አገር ገብቼ አገኘኋት። ቡና እየተፈላ፣ አክስቴ ቆሎ እየቆላች፣ እኔ ያንን ሁሉ ደብዳቤ ጽፌ ለምን እንዳላገኘኋት ጠየቅኋት። ‹‹በእኔ ስም አልነበርሁማ›› አለችኝ። ከዚያ ጂዛን ላይ የተጠራችበትን የእስላም ስም ከነአባቱ ተናገረች። በወሎ እንዲህ ያለ ስም እንግዳ አይደለም፤ አንድ ቤት ውስጥ ክርስቲያኑና እስላሙ አብረው የሚኖሩበት አገር ነው። ደላሎቹም ክርስቲያን የሆነችውን ልጅ ዓረብ አገር ስትገባ ስም እንድትለውጥ ያዟታል፤ ይህም የታወቀ ነው። አክስቴ ግን ስሙን እንደ ሰማች ማማሰያውን ለቀቀችው። ቆሎው እስኪያር ድረስ አላነሣችውም።

ያንን ስም ታውቀው ነበር። በቀበሌው ሁሉ የሚታወቅ ስም ነው። የአበልጇ ልጅ፣ ማለት ልጅቱን ክርስትና ያነሣቻት ሴት የወለደቻት የገዛ ልጅ፣ ከዓረብ አገር ገንዘብ ስትልክ የምትልክበት ስም ነው። ያቺ ልጅ ከጂዛን አጠገብ አንድ ቤት ሠርታ፣ በ2017 ሳውዲ ፈቃድ የሌላቸው ሁሉ ሳይቀጡ ይውጡ ብላ ጊዜ በሰጠች ጊዜ ተመልሳ፣ ወራት ሳትቆይ እንደገና በየመን በኩል የወጣች ናት። ከዚያ በኋላ ወሬዋ አልተሰማም ነበር።

አክስቴ ያን ዕለት ማታ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ወደ አበልጇ ቤት ሄደች። እኔም ተከተልሁ። ‹‹አበልጄ፣ ከካህኑ እጅ የተቀበልሻትን ልጅ ለማን ሰጠሻት?›› አለቻት። ሴትዮዋ አልካደችም። ሁለት ነገር ተናገረች። አንደኛው፣ ለልጇ ለሁለተኛው ጉዞ የተበደረችው ዕዳ ነበረባት፤ ደላላው ሌላ ልጅ ካመጣሽ ከዕዳሽ እቀንስልሻለሁ አላት። ሁለተኛው የስሙ ነገር ነው። ደላላው ስም አውጪላት ባለ ጊዜ የልጇን ስም የሰጠችው አስባበት ነው። ‹‹እዚያ አገር ስሟ ሲጠራ፣ ልጄን የሚያውቅ ሰው ካለ ቀና ብሎ ያያል፤ የት ደረሰች ብሎ ይጠይቃል ብዬ ነው›› አለች። አክስቴ ምንም አልመለሰችም። ዕዳውን ብቻ ሰምተን ቢሆን ኑሮ መፍረድ ይቀል ነበር።

የአክስቴ ልጅ ይህን ሁሉ ስትሰማ ከደጃፉ ቆማ ነበር። ሌሊት ለእኔ ብቻ የነገረችኝ የቀረውን ነው። ጂዛን ውስጥ በነበረችበት ማቆያ ስም ሲጠራ አቤት ባለች በማግስቱ አንዲት በዕድሜ ከፍ ያለች ኢትዮጵያዊት ቀርባ ‹‹አንቺ እሷ አይደለሽም፤ እሷን አውቃታለሁ›› አለቻት። ሴቲቱ ከባለ ስሟ ጋር በ2017 መጨረሻ ላይ ተራራውን አብራ የወጣች ናት። ልጅቱ ታማ ውሃ በሌለበት ቦታ ሞታለች፤ ጓደኞቿም በድንጋይ ሸፍነዋታል። እናትየው በሌላ ልጅ ላይ ጭና የላከችው ጥያቄ እንግዲህ መልስ አግኝቶ ነበር። መልሱን ይዛ የመጣችው የሸጠቻት ልጅ ናት። ሁለት ዓመት ሙሉ ሳትናገር የቆየችውም ቂም ይዛ እንዳይመስላችሁ፤ ‹‹ብነግራት ትሞትብኛለች ብዬ ነው›› አለችኝ።

በነሐሴ 2023 ሂውማን ራይትስ ዎች ሌላ ሪፖርት አወጣ። ከመጋቢት 2022 እስከ ሰኔ 2023 ባለው ጊዜ የሳውዲ የድንበር ጠባቂዎች በዚያው ተራራ ላይ በሚፈነዳ መሣሪያና በጥይት በመቶ የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያንን መግደላቸውን፣ ከተሰደዱትም መካከል ብዙ ሴቶችና ልጆች መኖራቸውን ገለጠ። ከዚያ ቀደም በ2022 የተባበሩት መንግሥታት ባለሙያዎች ከጥር እስከ ሚያዝያ 2022 ብቻ 430 ያህል ሰው ሞቷል፣ 650 ያህል ቈስሏል የሚል ክስ እንደ ደረሳቸው ለሳውዲ መንግሥት ጽፈው ነበር። የሳውዲ መንግሥት ክሱን አልተቀበለውም። ወሬው በሬዲዮ ሲነገር የክርስትና እናቲቱ ሰማች። በማለዳ ከአክስቴ ቤት መጥታ ከልጅቱ ፊት ተቀመጠች፤ ‹‹ልጄ፣ የምታውቂው ነገር አለ፤ ከዓይንሽ አይቼዋለሁ›› አለቻት። ልጅቱም ነገረቻት።

ሬሳ የሌለበት ለቅሶ ተደረገ። ካህኑ ለፍትሐት የክርስትና ስሟን ጠየቁ። ዓመታት ሙሉ አገር ሁሉ በዓረብ ስሟ ሲጠራት ስለነበር ከለቀስተኛው መካከል ያንን ስም የሚያውቅ አልተገኘም፤ የነገረቻቸው እናቷ ናት። የአክስቴ ልጅ ሴትዮዋን አቅፋ አስለቀሰቻት። ይቅርታ ተባብለዋል ለማለት አልችልም፤ ይህን የሚያውቁት ሁለቱ ናቸው። ይህን እንድጽፍ ግን ሁለቱም ፈቅደውልኛል፤ ስማቸውን እንዳልጽፍም ሁለቱም ለምነውኛል።

እንግዲህ ውድ አንባቢ፣ የክሱን ነገር ወደ ደላላው ብቻ ወይም ወደ አንዲት ድኻ ሴት ብቻ አዙረን ማረፍ አይገባንም። ከጥቅምት 2013 እስከ 2018 መንግሥት ለሥራ ወደ ዓረብ አገር መሄድን ከልክሎ ነበር፤ ሕጋዊው በር ተዘጋ፣ የባቲና የኦቦክ በር ግን አልተዘጋም። በኅዳር 2013 በጀመረው ዘመቻ ሳውዲ ዓረቢያ በጥቂት ወራት ከ150 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን መለሰች፤ ከተመለሱት ብዙዎቹ ዕዳቸው ቤት ጠብቋቸው እንደገና ወጡ። በእንዲህ ያለ ሁኔታ አደራ የተቀበለ ሰው አደራውን ሲበላ፣ የ1887 በቆሎና የ2018 ዕዳ አንድ ዓይነት ሥራ ሠርተዋል ማለት ይቻላል። ክህደቱ ከቤት ውስጥ ይመጣል፤ የሚያስገባው ግን ከውጭ ያለው ችግር ነው።

ድርቁን፣ ጦርነቱንና ድንበሩን እኛ ተማሪዎች በዚህ መጽሔት ልናቆማቸው አንችልም። አንድ ነገር ግን ከአቅማችን በላይ አይደለም። የላቭዴል ልጆች ስም የተጻፈው በባዕዳን እጅ ነው፤ የልጅ ልጃቸው አያቱን ያገኘው በዚያ ነው። የእኛን እኅቶች ስም ማን እየጻፈው ነው? በየማቆያው የተያዘው መዝገብ የተሞላው በተዋሱት ስም ነው። ስለዚህ ለዕረፍት አገር የምትገቡ ሁሉ አንድ ደብተር ይዛችሁ ግቡ። ከቀበሌያችሁ የወጣችውን እያንዳንዷን ልጅ የክርስትና ወይም የእስልምና ስሟን፣ የቤት ስሟን፣ የመንገድ ስሟን፣ የአባትና የአያቷን ስም፣ የወጣችበትን ወርና በየት በኩል እንደ ወጣች ጠይቃችሁ ጻፉ። ደብተሩ ከቤተ ሰቡ ጋር ይቀመጥ፤ ያለ እነሱ ፈቃድ አይታተም። እናቶች የመንገዱን ስም መጀመሪያ ይደብቋችኋል፤ ቡና ሁለተኛው እስኪደርስ ታገሡ።

እኔ ከአንድ ቀበሌ እስካሁን የ31 ልጆች ስም ጽፌአለሁ። ከእነዚህ ዘጠኙ ሦስት ሦስት ስም አላቸው፤ ሁለቱ ደግሞ አንዱን የመንገድ ስም ተራ በተራ ተጠርተውበታል።